የአስያ ነጭ ሽንኩርት በሦስት አፈር

ከሚሴ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለኢልሃም
ጅዳ

ጉዳዩ፦ የነጭ ሽንኩርት ዘሮችን ስለማወዳደር

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አካም ጂርታ? ጤናሽን፣ እንቅልፍሽን፣ የምትጦሪያቸውን የሐጃን ሁኔታ እየጠየቅሁ፣ እኔ አጎትሽ ከማል ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ጉልበቴም ቢሆን የሚያምፀው ዳገት ላይ ብቻ ነው፤ ሜዳ ላይ ታዛዥ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው "ጉዳዩ" ካላለ እጁ አይፈታም፤ ይቅር በዪኝ። ስልኩን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። "ሃሎ" ብለን፣ "ይሰማል?" ብለን፣ "አይሰማም" ስንባባል ካርዱ ያልቃል። ወረቀት ግን ይሰማል።

ወደ ነገሬ ልግባ። እናትሽ አስያ፣ አላህ ይርሐማት፣ ባለፈው ሚያዝያ ስትሄድ ሁለት ነገር ትታለች፤ ቦርከና ዳር ያለችውን ማሳና ማድቤቷ ጣሪያ ሥር የተንጠለጠለ አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት። ማሳዋን በዚህ ጉልበት አላርሳትም። ጎረቤታችን ጀይሉ "እኔ አርሳለሁ፣ እኩል እንካፈላለን፣ ግን የሚተከለውን የምመርጠው እኔ ነኝ" አለ። የመረጠውም ከግብርና የመጣውን ምርጥ ዘር ነው። "የአስያ ሽንኩርት እንደ አስያ ነው፤ ትንሽና ኃይለኛ" ይላል። እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ነው ያናደደኝ።

አንድ ነገር ልብ በዪ። ነጭ ሽንኩርት እንደ ጤፍ አይዘራም፤ የሚተከለው ፍንካቹ ራሱ ነው። ስለዚህ ይህ ጉንጉን አያትሽ ከደጋ ስትዳር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችው ያው ሽንኩርት ነው። ልጁ አይደለም፣ የልጅ ልጁም አይደለም፤ ራሱ ነው። አንድ ዓመት ሳይተከል ካለፈ ደርቆ ያበቃለታል። ከእናትሽ ማድቤት ውጭ ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር መረጃ የለኝም፤ ጨፋ ሮቢትም ሰንበቴም ገበያ ሄጄ እያሸተትኩ አጣርቻለሁ። ሁለት ነጋዴ ሰድበውኛል።

በሽማግሌ ፊት እንዲህ ተስማማን። ዘንድሮ ሦስት ዘር ጎን ለጎን ይተከላል፤ የአስያ፣ የግብርናው ምርጥ ዘር፣ እና ከሱቅ የተገዛው ያ ጉንጩ የተነፋው የቻይና። ቦታው ሁለት ነው፤ ቦርከና ዳር በመስኖ፣ ከሚሴ ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ፓፓያው ጥላ ሥር። ቦርከና ዳር በኪሎ የበለጠው የከርሞውን ማሳ ይወስዳል። አስያ ከተሸነፈች ከማሳዋ ትወጣለች። ፈርሜያለሁ።

አንቺ ሦስተኛዋ ጣቢያ ነሽ። ለዑምራ በሚሄደው በሙሀመድአሚን እጅ አሥራ ሁለት ፍንካች ልኬልሻለሁ። ባገኘሽው አፈር ትከዪ፣ ቅጠሉን ቁጠሪ፣ ጻፊ። ገንዘብ እንዳትልኪ። የምፈልገው ቁጥር ነው።

አጎትሽ ከማል

ግልባጭ፦
ለጀይሉ (እንዲደነግጥ)
ለድመቷ (ለመረጃ)


ጅዳ፣ ኅዳር 21 ቀን 2016

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ አጎቴ ከማል። አካም ጂርቱ? አላህ ጉልበትዎን ያበርታው፤ ዳገቱንም ሜዳ ያድርግልዎ። እኔ ደህና ነኝ።

የተከበረው ደብዳቤዎ ከነጉዳዩ ደርሶኛል። አሥራ ሁለት ብለው የጻፉት ፍንካች ግን ዘጠኝ ሆኖ ነው የደረሰኝ። ሙሀመድአሚንን ብጠይቀው "ፈታሾቹ ናቸው" አለኝ። ሲናገር አፉ ሸተተኝ። አፍጥጬ ሳየው "አውሮፕላኑ ውስጥ ጉንፋን ያዘኝ" አለ። ኢሕራም፣ ጠብ የማይፈቀድበትን የዑምራ ልብስ፣ ለብሶ ነበርና አልተጣላሁትም። ሰውየው ኢሕራሙን እንደ ጥይት መከላከያ ነው የሚለብሰው።

ጅዳ አፈር የለም፣ አጎቴ። አሸዋ አለ፣ ሲሚንቶ አለ፣ ምንጣፍ አለ። አፈር በከረጢት ይሸጣል። አፈር ገዛሁ ብዬ ለጨፋ ሰው መጻፌ ያሳፍረኛል፤ አንቱ ለጀይሉ እንዳይነግሩት። ከሰጥሑ ላይ፣ ከአራተኛው ፎቅ በላይ ማለት ነው፣ በውሃ ታንከሩና በኤሲው ሞተር መካከል ስድስት የእርጎ ባልዲ ደርድሬ ተከልኩ። ማዳም የፈቀደችልኝ ስድስት ነው፤ "ሰባት ከሆነ እርሻ ነው" አለች። የቀሩትን ሦስት በወረቀት ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ ከሐጃ ኢንሱሊን ኋላ ደበቅኳቸው። ኩሽናው እንደ ምድጃ ስለሚግል ይበላሹብኛል ብዬ ነው።

የማዳም እናት ሐጃ በቀን ሦስት ስም ታወጣልኛለች። ጠዋት ሱዓድ ነኝ፣ ቀትር ላይ ኑራ፣ ከዓሥር በኋላ "አንቺ"። ስትተኛ ወደ ሰጥሑ እወጣለሁ። ከዚያ ላይ ባሕሩ አይታይም፤ የሌላ ሰው ሰጥሕ ነው የሚታየው።

ገንዘብ አትላኪ ስላሉ ሚዛን ልኬያለሁ፤ የባትሪ ነው፣ እስከ አምስት ኪሎ ያነሳል። ከሱ ጋር ለጉልበትዎ ቅባት አለ። ቅባቱን ለጉልበትዎ፣ ሚዛኑን ለሽንኩርቱ፤ እንዳይቀያየሩ።

ሌላ ዜና የለኝም።

ኢልሃም


ከሚሴ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2016

ለኢልሃም፣ የጅዳ ጣቢያ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የአጋማሽ ዓመት ሪፖርት ስለማቅረብ

አሰላሙ ዐለይኪ። ጀሊሉ አላህ ከቤትሽም ከመንገድሽም ክፉውን ይያዝልሽ። ሚዛኑ ደርሶኛል፤ ገለቶሚ። ድመቷን መዘንኳት፤ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ናት። ሌላ የምመዝነው ገና ስላልደረሰ ነው።

ከየዘሩ መቶ መቶ ፍንካች ተክለን ቦርከና ዳር ከምርጥ ዘሩ ዘጠና ሰባት በቀለ፤ ከአስያ ሰማንያ ስምንት፤ ከቻይናው ሰባ አንድ። የቻይናውን ዋግ ይዞታል፤ ቅጠሉ ላይ ብርቱካንማ ብናኝ ረጭቶበታል፤ ከሩቅ ሲያዩት ሒና የተቀባ ይመስላል። ምርጥ ዘሩ እንደ አዲስ ሹመኛ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። አስያ አጭር ናት። ቆላው አልተስማማትም። የግብርናው ልጅ ሙስዐብ መጥቶ አይቶ "ይህ የደጋ ዘር ነው፤ ብርድ ካልነካው ራስ አይቋጥርም" አለኝ። ለከሚሴ ብርድ ከየት ላምጣ? ግቢያችን ውስጥ ግን፣ ፓፓያው ሥር፣ አመዱንና ፍጉን አልብሼ ደህና ይዛለች።

አሁን የደረሰብኝን ስሚ። ሙስዐብ የሰጠኝ ቅጽ ላይ "ጣዕምና ሽታ" የሚል ሣጥን አለ። ባዶ ሣጥን አልወድም። ከገበያም ከጉንጉኑም ያስተረፍኩትን ሦስቱንም ዘር አንድ ጠዋት ቁጭ ብዬ በጥሬው አኘክኋቸው። ዘሮቹን ካኘክሁ በኋላ ነው ቀኑ ጁምዓ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ወደ መስጊዳችን አይቅረብ ተብሏል፤ ይህን የማያውቅ ሙስሊም የለም። ከመቅረት ብዬ ውጭ፣ ጫማዎቹ አጠገብ፣ ሸራ ዘርግቼ ሰገድኩ።

ሰው ሲወጣ ያየኝ ሁሉ "ምነው ከማል?" አለ። አሥራ አንድ ሰው። ቆጥሬያለሁ። ጥናት በአንድ ሙከራ አያበቃምና በሚቀጥለውም ጁምዓ ደገምኩት። ጀይሉ "ከማል ከኢማሙ ጋር ተጣልቷል" ብሎ አስወራ። በሦስተኛው ጁምዓ ኢማሙ ራሳቸው ወጥተው "ያስቀየምኩህ ነገር ካለ አውፍ በለኝ" አሉ። አፌን ብከፍት ይሸታል፤ ብዘጋ አኩርፌያለሁ። እጃቸውን ጨብጬ አንገቴን ደፋሁ። አሁን ይቅር እንዳልኳቸው ተወርቷል።

ስለ ቤት የጠየቅሽኝ የለም እንጂ፣ ግቢው ውስጥ ሁለት ቤት አለ፤ አንድ ሰው አለ።

ስለዚያ ነገርም አልጠየቅሽኝም። ወሬው ሳይደርስሽ የእናትሽ ቀብር እንዳለፈብሽ አውቃለሁ። ጠይቂ ማለቴ አይደለም። ፋይሉ ክፍት ነው ማለቴ ነው።

አጎትሽ ከማል

ግልባጭ፦
ለኢማሙ (አልተላከም)


ጅዳ፣ የካቲት 9 ቀን 2016

አሰላሙ ዐለይኩም አጎቴ ከማል፣ አላህ ዕድሜዎን እንደ ቦርከና ያርዝመው፤ እንደ ቦርከና ግን በክረምት ከአጥር አይውጡ።

የዘገየሁት ሐጃ ታማ ነው። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ወንበር ላይ ተኛሁ። ድና ወጥታለች። እኔ ወንበሩን መስያለሁ።

የጅዳ ጣቢያ ሪፖርት። ስድስቱ ባልዲዎች ቅጠላቸው አሥራ አንድ ደርሷል፤ ለምለም ነው፤ ርግብ ይፎካከርበታል። ደስ ብሎኝ አንዱን ነቅዬ ባየው ሥር ነው እንጂ ራስ የሚባል የለውም። ቅጠሉ ያማረ፣ ቁመቱ የሰጠ፣ ራስ የሌለው። ሙሀመድአሚን ትዝ አለኝ።

ሦስቱ ግን ሌላ ናቸው። ማዳም ፍሪጅ ከፍታ "ኬኬ ምን ሆኖ ነው የሚሸተው?" ብላ ቤቱን አናወጠችው። ሽቶ ላይ እንጂ ሌላ ነገር ላይ አፍንጫ የላትም ብዬ ተዘናግቼ ነበር። በስድስተኛ ሳምንታቸው ከፍሪጅ ተባረሩ። ሰባተኛ ባልዲ ስለማይፈቀድ የሐጃን የድሮ እግር መዘፍዘፊያ ወስጄ ሦስቱንም እዚያ ተከልኳቸው። በጣም ዘግይተው ተተክለው አንገታቸው ከስድስቱ ይወፍራል። ምክንያቱን አላውቅም። ሙስዐብን ይጠይቁልኝ።

ሰጥሑ ላይ ስወጣ አወራቸዋለሁ። ደህና ሲሆኑ በኦሮምኛ ነው፤ ሲያናድዱኝ በአማርኛ። በዓረብኛ አላናግራቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ስሰማው ስለምውል እንዲያርፉ ነው። እናቴ... እዚህ ጋ ጀምሬ ነበር፤ ሐጃ ጠራችኝ። "ኑራ" አለችኝ፤ ቀትር ነው ማለት ነው።

ፋይሉን ለጊዜው ይዝጉት፣ አጎቴ።

ኢልሃም


ከሚሴ፣ የካቲት 29 ቀን 2016

ለኢልሃም

ጉዳዩ፦ የመጨረሻ ውጤት

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላህ፤ የረመዷንን መግቢያ በሰላም ያድርሰን፤ ያቺንም ሐጃ ያበርታልሽ።

ፋይሉ ተዘግቷል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

ትናንት ቦርከና ዳር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ ሙስዐብ በሜትር ለክቶ፣ ከየዘሩ አሥር አሥር ካሬ ተነቀለ። አፈሩ ተራግፎ፣ ቅጠሉ ተቆርጦ፣ በሚዛንሽ ተመዘነ። ሚዛንሽ ከአምስት ኪሎ በላይ ስለማያነሳ ምርጥ ዘሩን በሁለት ጊዜ መዘንነው፤ ስምንት ኪሎ ከስድስት መቶ ወጣ። አስያ አራት ኪሎ ከአራት መቶ። የቻይናው ሦስት ከሁለት መቶ፤ ዋጉ በልቶታል። በግቢያችን ግን ምርጥ ዘሩ አምስት ከመቶ፣ አስያ አራት ከዘጠኝ መቶ። ተመልከቺ፤ ጥላና ፍግ ስታገኝ እኩል ልትሆን ምንም አልቀራት። ለሽማግሌዎቹ ይህን ሳስረዳ "ማሳው ፓፓያ የለውም" አሉኝ። ልክ ናቸው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ማኅተም ይዤ አንድ ቀን አላጭበረበርኩም። ትናንት አስያ ሚዛን ላይ ስትወጣ አውራ ጣቴን ጠርዙ ላይ አሳረፍኩ። አራት ከሰባት መቶ አለ። ጀይሉ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ "ከማል፣ ጣትህም ነጭ ሽንኩርት ነው?" አለኝ። ማንም አልሰማም። አነሳሁት። እሱም ለማንም አልነገረም፤ ይህ ያስገርመኛል፤ ጀይሉ ወሬ ሲያፍን አይቼው አላውቅም።

እንግዲህ አስያ ከማሳዋ ወጥታለች። ግቢያችን ግን በስምምነቱ ውስጥ የለም። ከሁለቱም ቦታ የተነቀለውን የሷን ሽንኩርት በሙሉ ጎንጉኜ ማድቤቷ፣ የነበረበት ቦታ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከርሞ ጥቅምት ፓፓያው ሥር እተክላታለሁ። ዘሯ አይጠፋም።

ስለ ሦስቱ ሙስዐብ በጣም ሳቀ። "የጅዳዋ እህታችን ለቆላው ብርድ አገኘችለት" ነው ያለው። ነጭ ሽንኩርት ደጋ ላይ የሚጠጣውን ብርድ እነሱ ፍሪጅ ውስጥ ጠጥተውታል። ራስ ይቋጥራሉ ብሏል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የጣዕም ሙከራው ከተጠናቀቀ ሁለት ወር አልፎታል። እስካሁን ግን ጁምዓ የምሰግደው ውጭ ነው። ውስጥ ስሰግድ ማንም ምንም አይለኝም። ውጭ ስሰግድ "ምነው ከማል?" ይሉኛል።

አጎትሽ ከማል

ግልባጭ የለውም።


ከሚሴ፣ ግንቦት 4 ቀን 2016

አሰላሙ ዐለይኪ ኢልሃም። አላህ ልብሽን ያጽናልኝ፤ የኔንም።

ያለፈው ደብዳቤዬ መልስ አልመጣም። ወቀሳ አይደለም፤ መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት ነው የከረመው። ይህኛው ደብዳቤ ጉዳይ የለውም። ጉዳዩ ጠፍቷል፤ እንዴት እንደጠፋ ልንገርሽ።

ሚያዝያ 26 ቀን ለእናትሽ የዓመቷን ሰደቃ አወጣን። ሁለት ፍየል ታረደ። ሰው ሞላ፤ ከጨፋ ሮቢት መጡ፣ ከሰንበቴ መጡ፣ ያላወቅኳቸውም መጡ፤ እሷን ግን ሁሉም ያውቃታል። ወንዶቹ ዳስ ውስጥ ዱዓ ላይ ነን፤ ሴቶቹ ማድቤት ናቸው። እናትሽን ያጠበቻት ጎረቤታችን ዓዲላ ናት ድስቱን የያዘችው። መካከል ላይ የገዛሁት ነጭ ሽንኩርት አነሰ። ዓዲላ ቀና ስትል ጉንጉኑን አየችው። እዚያው ማድቤቷ፣ እዚያው ሚስማሯ ላይ። "እዩዋት አስያን፤ ለራሷ ሰደቃ እንኳ ሽንኩርቷን ሰቅላ ነው የሄደችው" አለች። አለቀሱ ብለውኛል። እያለቀሱ ላጡት። በሙሉ።

እኔ ዳሱ ውስጥ ሽታው መጣልኝ። ኢልሃም፣ የአስያ ወጥ ነው የሸተተኝ። ዱዓውን የሚያደርጉት ሸኽ እንኳ አፍንጫቸውን ወደ ማድቤቱ አዞሩ። ማሻአላህ አልኩ። ሁለት ሳህን በላሁ። ዓመት ሙሉ እንደዚያ አልበላሁም። እጄን ታጥቤ ዓዲላን ላመሰግን ማድቤት ስገባ ሚስማሩ ባዶውን ቆሟል።

ምን እላታለሁ? "ዘር ነበር" ብላት ትሞትብኛለች። "እጅሽ ይባረክ" አልኳት። የነገርኩት ለጀይሉ ብቻ ነው። ጀይሉ፣ ያ ለምርጥ ዘር ጥብቅና የቆመው፣ ልጣጩ የተጣለበት ጋ ሄዶ ተንበርክኮ አንድ በአንድ ፈተሸው። አንዲት ፍንካች አልተረፈችም። ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈና "እኔም ሦስት ጊዜ ነው ያስጨመርኩት" አለ።

እንግዲህ የአያትሽ፣ የእናትሽ ሽንኩርት በዚህች ምድር ላይ ያለው ሰጥሕሽ ላይ፣ የሐጃ እግር መዘፍዘፊያ ውስጥ ነው። እሱም ራስ ቋጥሮ እንደሆነ ነው። ቁጥር ላኪ እያልኩ ሳዝሽ ነበር። አሁን እለምንሻለሁ።

ከማል


ጅዳ፣ ሰኔ 22 ቀን 2016

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ አጎቴ፣ ከእናቴ ወዲህ የቀሩኝ።

ሁለቱም ደብዳቤዎች ለሐጅ በመጡ ሰዎች እጅ በአንድ ቀን ደረሱኝ። ሰጥሑ ላይ አነበብኳቸው። አንብቤ ስጨርስ ሳቅኩ። ወላሂ ሳቅኩ። የኤሲው ሞተር ባይኖር ጎረቤት ይሰማኝ ነበር።

ሦስቱ ራስ ቋጥረዋል። ግንቦት ውስጥ ነቅያቸዋለሁ። ትልቁ እንደ ሎሚ... አይ፣ ልዋሽዎት ነበር፤ ከለውዝ ይበልጣል፣ ከሎሚ ያንሳል። ስድስቱ ቅጠል ብቻ ሆነው ቀሩ፤ ርግቦቹ ጨረሷቸው።

አሁን እኔ ልናዘዝ። ሁሉም ሰው በላ። ዓዲላ በላች፣ ጀይሉ ሦስት ጊዜ አስጨመረ፣ አንቱ ሁለት ሳህን በሉ፤ ያላወቋቸው ሰዎች እንኳ በሉ። እኔ ብቻ ነኝ ያልበላሁት። ማዳም ወደ መካ የሄደች ቀን ከሦስቱ አንዱን ወስጄ ላጥኩ። በዓለም ላይ ከቀረው ሲሶው መሆኑን እያወቅሁ ነው። የፍየል ሥጋ ገዛሁ። በርበሬው ከሙሀመድአሚን የተረፈ ነበር። ሐጃን ወንበሯ ላይ ደግፌ አስቀመጥኳትና ሁለት ሆነን ሰደቃውን አወጣን።

ሐጃ ቀመሰችና "ይህን ማን ሠራው?" አለች። "እናቴ" አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። "ታዲያ ምነው ታች ተውሻት? ጥሪያትና ትብላ" አለችኝ።

ማዳም ስትመለስ ዓይኔን አይታ ጠየቀችኝ። ቀይ ሽንኩርት ከተፍኩ አልኳት። ነጭ ሽንኩርት እንደማያስለቅስ እሷም ታውቃለች።

አጎቴ፣ ፋይሉን ይክፈቱት። ዓዲላ እንዳጠበቻት ገና አሁን ከደብዳቤዎ ሰማሁ። ማን ነበር አብሯት? በየት በኩል ነው ያረፈችው? መጨረሻ ላይ ምን አለች? አንድም እንዳያስቀሩብኝ፤ ቁጥር ነው ብለው ይጻፉልኝ።

እንደማልመጣ ያውቃሉ። ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፤ ሐጃም በስሜ ባትጠራኝም ስትነቃ የምትፈልገው እኔን ነው። ሽንኩርቱ ግን ይመጣል። የሁለቱ ራስ ፍንካች ሲቆጠር አሥራ ሰባት ነው። አራቱን ለዚህ፣ ሽታው እንዳይወጣ በጠርሙስ ከድኜ ፍሪጅ ውስጥ አስቀርቼ አሥራ ሦስቱን በሐጃ አሻ እጅ ልኬያለሁ። የኛው ሰፈር አሻ ናት፤ ዘንድሮ ሐጅ አድርጋ ልትመለስ ነው። የሙሀመድአሚንን ጉንፋን ስለማልረሳ በእያንዳንዱ ፍንካች ልጣጭ ላይ በእስክርቢቶ ቁጥር ጽፌበታለሁ፤ ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት። ሲረከቡ በቁጥር ይረከቡ። መዝገብ ቤት ነዎት።

ኢልሃም፣ የአስያ ልጅ


ከሚሴ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአስያ ልጅ ለኢልሃም

ጉዳዩ፦ አሥራ ሦስት ፍንካች ስለመረከብ፣ ስለመትከልና ፋይል ስለመክፈት

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አካም ጂርታ? ያስተዛዘነችሽን ሐጃ አላህ ያክብራት፤ በስምሽም ያስጠራሽ።

ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት ተረክቤያለሁ። ሰባት ቁጥር ላይ የጥፍር ምልክት አለ። ሐጃ አሻን ብጠይቃት "ስል ይዞኝ ነበር፤ ቁጥሩን ሳየው ፈራሁ" አለች። እውነቷን በመናገሯ ሐጇ መቅቡል፣ ተቀባይነት ያለው ነው።

ሲሶውን ስለመብላትሽ፦ መርምሬዋለሁ። ለሟች ሰደቃ ከሟች ሽንኩርት የልጅ ድርሻ ነው። ሕጋዊ ነው። ተዘግቷል።

ብርድ ያስፈልጋቸዋልና ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ መናኸሪያው አጠገብ አብዶ ሱቅ፣ ለስላሳ መጠጥ ፍሪጅ ውስጥ፣ ታችኛው መደርደሪያ አስገባኋቸው። ሚስማሩን ስለማልረሳ ትቻቸው አልሄድኩም። በርጩማ ይዤ ፍሪጁ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፍሪጁ በተከፈተ ቁጥር እቆማለሁ። መብራት ሲጠፋ አብዶ በረዶ ያመጣል፤ እኔ እከምራለሁ። የባጃጅ ልጆች፣ የደሴ መንገደኞች፣ ውሃ ሊገዛ የመጣ ሁሉ "ምነው ከማል?" ይለኛል። እነግረዋለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ከሚሴ ውስጥ የአስያን ሽንኩርት የማያውቅ የለም። ዓዲላም ሰማች። መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ለኔ ውሃ ገዝታ ሄደች። ጁምዓን መስጊድ ውስጥ መስገድ ጀምሬያለሁ። ኢማሙ አሁን ለምን እንደገባሁ ግራ ገብቷቸዋል።

ትናንት ተከልናቸው፤ ፓፓያው ሥር። ጉድጓዱን የቆፈረው ጀይሉ ነው፤ ሳልጠራው ፍግ ተሸክሞ መጣ። "ምርጥ ዘርህ ምን ይልሃል?" ስለው "ማሳው የሱ ነው፤ ድስቱ ግን ባለቤት አለው" አለኝ። የኔ ጉልበት አልታጠፍ ስላለ ቁጥር የጠራሁት እኔ፣ የቀበራቸው እሱ ነው። ሰባት ቁጥርን ለብቻው ጥግ ላይ አደረገው፤ ቆስሏልና።

አሁን ፋይሉን እከፍታለሁ።

ያጠቧት ዓዲላ፣ የዓዲላ እህትና የሰንበቴዋ ዙቤይዳ ናቸው። ያረፈችው ከመቃብሩ በስተምሥራቅ፣ ከእናቷ እግር ሥር ነው፤ ግራሯ ከሰዓት በኋላ ጥላ ትጥልባታለች። አሥራ አራት መስመር ሰው ሰግዶባታል።

መጨረሻ የተናገረችው ይህ ነው። ስልኩን አይታ "ኢልሃም ከደወለች ተኝታለች በላት" አለችኝ። እንዳትደነግጪ ብላ ነው። ከዚያ ተኛች። በማግሥቱ ደወልሽ። ታስታውሺያለሽ። እኔም "ተኝታለች" አልኩሽ። አንቺም "አትቀስቅሷት" አልሽኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በእጄ ሐሰተኛ ሰነድ አላለፈም፤ ያቺ አንዲት ቃል አለፈች። እውነቱን የሰማሽው ከሌላ ሰው፣ በሦስተኛው ቀን ነው። አውፍ በዪኝ። ይህን ለመጻፍ ነው ጥቅምት 13 አምና ብዕር ያነሳሁት። ሽንኩርቱ ሰበብ ነበር፤ ኋላ ግን እሱም የምር ሆነ።

ያንቺ አራትና የኔ አሥራ ሦስት አንድ ሽንኩርት ነው። ያንቺው ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው፤ አውጪና ትከዪው። ጁምዓ ጁምዓ ከሰላት መልስ እኔ ፓፓያው ሥር ቆሜ ቅጠል እቆጥራለሁ፤ አንቺም በዚያው ሰዓት ሰጥሑ ላይ ቁጠሪ። የኔ ስንት እንደሆነ እጽፍልሻለሁ። ያንቺንም ጻፊልኝ።

ባይበቅልም ጻፊ።

አጎትሽ ከማል

ግልባጭ፦
ለአስያ